የቅማንት አምልኮና የስያሜ ፍትሕ፦ በፍሬዴሪክ ጋምስት ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍሬዴሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ጥናት ቅማንትን ከርእሱ ጀምሮ «አረማዊ-ዕብራዊ ገበሬ» ይለዋል። ከጭልጋ እስከ መተማ በቅማንት ጉርብትና ለሚያስተምር ኢማም መጽሐፉ ጠቃሚ ነው፤ ርእሱ ግን ያሳስታል።

ጥናቱ በውስጡ የሚያሳየን ሌላ ነው። በሕገ ልቦና ወምበር የሚባለው ታላቅ ካህን የሚለምነው መዝጋና የተባለውን ፈጣሪ ነው፤ የተከበረው የዛፍ ደን የጸሎት ስፍራ ነው። ቆሌ የሚባሉ አማላጆችም አሉበት፤ ይህን ተውሒድ አይቀበለውም። ሆኖም እኛ መምህራን «ዛፍ አምላኪ» ስንል ያንን ስሕተት አላረምንም፤ የራሳችንን ጨመርንበት እንጂ።

የሕንድ ፓርሲዎችም «እሳት አምላኪ» ይባላሉ። እነርሱ ግን የምናመልከው አሁራ ማዝዳን ነው፣ ወገባችንን በኩስቲ ታጥቀን በብርሃን ፊት የምንጸልየውም ለእርሱ ነው ይላሉ። ወደ ካዕባ ስለምንዞር «ድንጋይ አምላኪ» ብንባል እንቀበላለንን? እምነታቸውን አንጋራም፤ ቃላቸውን ማጣመም ግን አልተፈቀደልንም።

ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ 17ኛው አንቀጽ መጁሶችን በስማቸው ይጠራቸዋል። ዑመርም (ረ.ዐ.) ከእነርሱ ጂዝያ የተቀበሉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሐጀር መጁሶች መቀበላቸውን ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ከመሰከሩ በኋላ ነው። ብያኔው በወሬ ሳይሆን በምስክር ጸና።

በቅማንት የማንነት ጥያቄ ዙሪያ ደም በፈሰሰበት በዚህ አካባቢ፣ ከሚንበር የሚወጣ ስያሜ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ጎረቤቱ የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ጎረቤቱን ይጠይቅ።