በወጣት ጥፋተኞች ፊልም ውስጥ የማን ቤት ይታያል?

የሸዋ ሮቢት ስም ሲነሣ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው የይፋት ቆላን የማሾና የሽንኩርት ማሳ ወይም አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው የሚገናኙበትን ገበያ አይደለም፤ ማረሚያ ቤቱን ነው። የታሰረ ወጣት መዝገብ ጥፋቱን ይናገራል እንጂ ያደገበትን ቤት አይናገርም። ይህን ጉድለት መሙላት የኪነ ጥበብ ድርሻ ነው። በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ስለ ወጣት ጥፋተኞች የተሠሩ ፊልሞችም መመዘን ያለባቸው በዚሁ ሚዛን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሪቻርድ ብሩክስ «ብላክቦርድ ጀንግል» ነጩን፣ ጥቁሩንና የላቲን አሜሪካ ተወላጁን ተማሪ በአንድ ክፍል አስቀምጧል። ይህ በዘመኑ ድፍረት ነበር፤ በኢጣሊያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ክሌር ቡዝ ሉስ ፊልሙን ከቬኒስ ፌስቲቫል አስወጥተውታል። ይሁን እንጂ ሲድኒ ፖይቲየር የተጫወተው ግሪጎሪ ሚለር ብልህና ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ወደ ቤቱ አንገባም። የምንገባው ወደ ነጩ መምህር ቤት ነው።

በዚያው ዓመት የቀረበው የኒኮላስ ሬይ «ሬብል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ይህን አድልዎ ይበልጥ ያጋልጣል። ጄምስ ዲን የተጫወተው ጂም ለዐመፁ ምክንያት ተሰጥቶታል፤ የወላጆቹን ጠብና የአባቱን ሽርጥ ሳይቀር እናያለን። ወላጆቹ የተለዩትን ፕላቶን የምታሳድገው ግን ጥቁር የቤት ሠራተኛ ናት። ልጁ ሲሞት ታለቅስለታለች፤ የእሷን ቤት ግን ፊልሙ ከቶ አይጠይቅም።

እንግዲህ ውክልና የመልክ ቆጠራ አይደለም። ለጥፋቱ ምክንያት፣ ለምክንያቱም ቤት የሚሰጠው ማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው። ልዊስ ቡኙኤል እ.ኤ.አ. በ1950 በሜክሲኮ በሠራው «የተረሱት» ፊልም የድኃውን ልጅ የፔድሮን ጎጆ ከፍቶ ያሳየናል፤ አባቱ ገበያ ላይ ጥሎት የቀረውን የገጠር ልጅም አልዘነጋውም። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1975 በሎስ አንጀለስ የሠራው «ቡሽ ማማ» ደግሞ፣ የወጣት ወንጀል ፊልም ባይሆንም፣ የቤት ሠራተኛዋ የተነፈገችውን ለዶሮቲ ይሰጣታል፤ ባሏ ሲታሰር ካሜራው ከእሷና ከልጇ ጋር እቤት ይቀራል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። «ቦዘኔ» የሚለው ቃል በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 384 ውስጥ የሕግ ቃል ሆኖ ይገኛል። ቃሉ ልጁን ከቤቱ ነጥሎ ያቆመዋል። ጸሐፌ ተውኔቱና መምህሩም ይህንኑ ቃል ሳይመረምሩ ከተቀበሉት መድረኩ የመዝገቡ ግልባጭ ይሆናል። በደሴ መንገድ ዳር የሚውለውን የይፋት ወጣት ስንጽፍ አፋሩን በጊሌው፣ አርጎባውን በሽመናው ለይተን ማቆም አይበቃም። ጥፋቱን ሳንሸሽግ ያደገበትን ቤት እናሳይ፤ በእናቱም ቋንቋ እናናግረው። ያን ጊዜ ተመልካቹ ከመፍረዱ በፊት ይጠይቃል።