«ክረምት» ሲባል የትኛው ክረምት? በቤት ውስጥ ስለሚያድግ የዘንባባ ችግኝ ተባይ በሚሰጠው ምክር ላይ የቀረበ ትችት

ዘንባባ በባሕርዩ የቆላና የወይና ደጋ፣ በተለይም የወንዝ ዳር ተክል ነው። በሆሣዕና ዕለት ግን ቅጠሉን ደገኛውም ቆለኛውም ይፈልገዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደባርቅ፣ እንዲሁም በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ችግኙን ለማሳደግ የሚሻ ሰው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንዳይገድልበት ቤት ውስጥ ማቆየት ግድ ይሆንበታል። ተባይ ሲነሣበት የሚያገኘው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፈረንጅ መጻሕፍት የተመለሰ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክሩ የት ላይ እንደሚጠቅም፣ የት ላይም እንደሚያሳስት ማመልከት ነው።

ስሕተቱ ከአንድ ቃል ይጀምራል። በአውሮፓ በብርዱ ወራት ቤቱ በማሞቂያ ስለሚሞቅ አየሩ ይደርቃል። ቀይ ሸረሪት የምትባለው፣ ዓይን በጭንቅ የሚያያት ደቂቅ ተባይ የምትራባው በሞቃትና በደረቅ አየር ስለሆነ፣ መጻሕፍቱ በዚያ ወራት ቅጠሉን ውሃ እርጩት ይላሉ። ይህ ለአገሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ወራት በአማርኛ «ክረምት» ተብሎ ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነውና፣ በሐምሌ ደመና ቅጠል የሚያረጥብ ሰው ሸረሪቷን ሳይሆን ሻጋታን ይጠራል። ሸረሪቷ የምትበረታው አየሩ ደርቆ ቀኑ በሚሞቅበት ጊዜ፣ ይኸውም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ወራት ነው።

መጻሕፍቱ «አስቀድሞ መለየት፣ ከዚያ ማከም» ማለታቸው ግን የሚመሰገን ነው። ቅጠሉን በነጭ ወረቀት ላይ ቢያራግፉት የሚንቀሳቀስ ነጥብ ከታየ ቀይ ሸረሪት ናት። በቅጠሉ ብብት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ሌላ መጣጭ ተባይ ነው። ከአፈሩ የምትነሣ ጥቁር ትንኝ ውሃ መብዛቱን ትናገራለች። በእርጥብ ወራት የሚወጣው ግራፊዮላ የተባለው ጥቁር ኪንታሮት መሳይ ነገር ደግሞ የሻጋታ ወገን እንጂ ነፍሳት አይደለም። መጻሕፍቱ ያላሰቡት ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የምድጃ ጥቀርሻ ነው። መጣጭ ተባይ ባለበት ቅጠል ላይ የሚያድገው ጥቁር ሻጋታ ሥሩ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ የምድጃው ጥቀርሻ ግን በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት ይለቃል፤ ሕክምናም አያሻውም።

ሕክምናው ቀላል ነው። የታመመውን ችግኝ ከሌሎቹ መለየት፣ በ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ቅጠሉን ከላይም ከታችም ማጠብ፣ በኋላም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ይህም ፀሐይ በማይመታው ቦታ ይደረግ፤ ችግኙ ያለው ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ስለሆነ አንዱ ቢቃጠል ጉዳቱ ከባድ ነው። በየሳምንቱ ሦስት ጊዜ መድገም ይበቃል የሚባለው ለሞቃት ቤት ነው። በቀዝቃዛው የደባርቅ ቤት የሸረሪቷ እንቁላል ለመፈልፈል የሚፈጀው ጊዜ ስለሚረዝም፣ እጥበቱም ሊረዝም ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ለእህል ነቀዝ ወይም ለማሳ የተገዛውን መርዝ በቤት ውስጥ መርጨት ነው። እንጀራ በሚጋገርበትና ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል መርዝ መርጨት ችግኝን ለማዳን ሰውን መጉዳት ነው። ለችግኙም ቢሆን አይበጅም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲ.ዲ.ቲ. በፍራፍሬ እርሻዎች ላይ በብዛት በተረጨ ጊዜ፣ ሸረሪቷን የሚበሉ ነፍሳት አልቀው ሸረሪቷ ራሷ ተራብታለች።

እንግዲህ ስለ ተክል በአማርኛ የምንጽፍ ሁሉ የወቅት ስም ብቻ ከመመለስ ይልቅ ወሩን በስሙ፣ አየሩንም በጠባዩ ልንገልጽ ይገባናል። «በክረምት ውሃ ይረጭ» ከማለት «ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አየሩ ሲደርቅ» ማለት ይሻላል። እንዲህ ከሆነ የደባርቁ ገበሬና የአውሮፓው መጽሐፍ ሊግባቡ ይችላሉ።