ሚዛን የማይመሰክረው ልክ

ሁላችን ተኝተን ሳለ በዓለም ያለው ነገር ሁሉ መጠነ ቁሱ እጥፍ ሆኖ ቢያድር፣ ጠዋት ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ምን ይነግረናል? ምንም! በአንዱ ሳህን ያለው ስኳርና በሌላው ያለው ብረት አብረው ስለከበዱ እንደ ትናንቱ እኩል ይቆማሉ። ሚዛን ማስተያየት እንጂ ሌላ አያውቅም።

ፈላስፋው ሻሚክ ዳስጉፕታ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመው ድርሳን የሚነሣው ከእንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ ነው። እንደ እርሱ አመለካከት መሠረቱ «ይህ የዚያ እጥፍ ነው» የሚለው ዝምድና ነው፤ ከዝምድናው ጀርባ ለብቻው የቆመ ልክ የለም። ማንም ሊደርስበት የማይችለውን ነገር «አለ» ማለት ለእርሱ ትርፍ ሸክም ነው።

የልኬት ታሪክ ይህን አስተሳሰብ የሚያግዝ ይመስላል። ከ1889 ጀምሮ የዓለም ኪሎግራም ፓሪስ አጠገብ፣ ሴቭር የተቀመጠ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከቅጂዎቹ ጋር ሲመዘን ወደ 50 ማይክሮግራም የሚጠጋ ልዩነት ታየ። ዋናው ቀለለ ወይስ ቅጂዎቹ ከበዱ? ሚዛኑ መልስ አልነበረውም። በ2019 ኪሎግራም ከብረቱ ተላቆ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ተተረጎመ። ያም ሆኖ መለካት ዛሬም ማወዳደር ነው።

ይሁን እንጂ ከማወቂያችን ተነሥቶ ስለ ዓለም መፍረድ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ የዴቪድ ቤከር ተቃውሞ የሚያሸንፍ ይመስለኛል። አየሩን እንርሳውና፣ ከምድር ላይ ድንጋይ በሰከንድ 12 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወርወር። ከምድር ስበት ለማምለጥ 11.2 ኪሎ ሜትር ስለሚበቃ ድንጋዩ ሄዶ ይቀራል። አሁን የምድሪቱ ስፋትና የስበት ሕግ ሳይነኩ የሁሉም መጠነ ቁስ እጥፍ ይሁን። ማምለጫው 15.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ፍጥነት የተወረወረው ድንጋይ ተመልሶ ይወድቃል። የምድርና የድንጋይ ንጽጽር በሁለቱም ዓለማት አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል። ታዲያ ለየቅል ያደረገው ምንድን ነው?

«ልዩነቱ ያለው በራሱ በእንቅስቃሴው ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ይህ ግን ድንጋዩ የወደቀው ስለወደቀ ነው እንደማለት ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ ውጤቱን ያስታቅፈናል።

ዳስጉፕታ ለዘመናት እንደ ዋዛ ያለፍነውን ጥያቄ በጥራት ስላቀረበው ድርሳኑ መነበብ ይገባዋል። ፍርዴ ግን በእርሱ ላይ ነው፤ የሚዛንን ዝምታ የዓለም ዝምታ አድርጎታልና። ሁሉም አብሮ ሲለወጥ ማስተያየት ላያየው ይችላል፤ ድንጋዩ ግን መውደቁ አይቀርም።