የቅሉ ነገር፦ በየቤቱና ለየሰው ይቀመማል ስለሚባለው ፕሮባዮቲክ የቀረበ ሒስ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሕክምናው ዓለም አንድ ተስፋ ይነገራል። ይኸውም ወደ ፊት እያንዳንዱ ሰው ለገዛ ሆዱ የሚስማማውን ባክቴሪያ አስመርጦ፥ በቤቱ አርብቶ፥ እንደ መድኃኒት ይወስደዋል የሚል ነው። ፕሮባዮቲክ የሚባለው ነገር በፋብሪካ ተሠርቶ በአንድ መልክና በአንድ ልክ ለሁሉም ሰው ሲሸጥ የኖረ ነው፤ አሁን ግን «የቤት ይሁን፥ ለየሰውም ይቀመም» የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል። አሳቡን ብዙ ጓደኞቻችን ወደውታል፤ እኛም ወደነዋል። ነገር ግን የወደድንበትን ምክንያት ስንመረምረው ከሳይንሱ ይልቅ ከኩራት የመነጨ ኾኖ አገኘነው። «ይህማ በኛ ዘንድ ጥንትም ያለ ነው፤ እርጎው፥ እርሾው፥ ቆጮው፥ ቦርዴው ሁሉ ፕሮባዮቲክ አይደለምን?» የሚል ኩራት ነው። ይህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ኩራት ለመመርመር የተጻፈች ናት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በ2001 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋራ የሰበሰባቸው ሊቃውንት በሰጡት ትርጓሜ፥ ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኝ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። እንግዲህ ሕያው መኾን አለበት፤ መጠኑ መታወቅ አለበት፤ ጥቅሙም በሰው ላይ መታየት አለበት። እንጀራችን ገና በመጀመሪያው ይወድቃል። ብርሃኑ ጋሼ በ1985 ባሳተሙት ጥናት በጤፍ ሊጥ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ያላቸውን ድርሻ አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ ሊጡ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ እነዚያ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ። ሲዳማ ዋሳ የሚለው ቆጮም ተጋግሮ ነው የሚበላው። እርሾው ራሱ ሕያው ነው፥ ግን እርሾ የሚጠጣ ሰው አላየንም። የሞቱት ባክቴሪያዎችና ያፈሩት አሲድ ለሆድ አይረቡም ማለታችን አይደለም፤ ሊረቡ ይችላሉ፥ ስሙ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በማዕዳችን ላይ በሕይወት የሚቀርቡት በተለይ እርጎና ቦርዴ ናቸው። ከሁለቱ እርጎን የመረጥንበት ምክንያት ለሕፃን የሚሰጠው እርሱ ስለ ኾነ ነው።

በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ማለዳ የሚዞር ሰው ሁለት ዐይነት እርጎ ያገኛል። አንዱ በወተት ቤቶች ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በብርጭቆ የሚቀርበው ነው። ሁለተኛው ከገጠር በአውቶቡስ ወይም በባጃጅ የሚመጣው፥ ሴቶች ተሸክመው ለደንበኞቻቸው የሚያድሉት ነው። ከነዚህ ሴቶች አንዲቱን እናት ቀረብ ብለን፥ «እማማ፥ ቅሉን በምን ያጥቡታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «በሙቅ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ ከዚያ በወይራ አጥነዋለሁ። ግን አልፈገፍገውም ልጄ፤ ከፈገፈግሁት ወተቱ ቶሎ አይረጋልኝም» አሉን። ቅሉ የአማታቸው እንደ ነበረም ነገሩን። የጎረቤታቸው እርጎ ይኮመጥጣል፥ የእርሳቸው ግን ለዘብ ይላል፤ የሁለቱም ላሞች የሚውሉት በአንድ መስክ ነው።

ይህን ንግግር በጥሞና ላየው ሰው የነገሩ ቊልፍ እዚህ ላይ ነው። በቅሉ ውስጠኛ ግድግዳ ቀዳዳዎች የቀረው ያለፈው እርጎ ለሚቀጥለው ወተት እርሾ ይኾናል፤ የወይራው ጢስ ደግሞ አንዳንዱን ባክቴሪያ እየገታ ሌላውን ይተዋል። ትንሽ ሲሰነብት ቅሉ የራሱ የኾነ ማኅበር ያበጃል ማለት ነው። አንድ ሰው «በቤት የሚበቅል» ፕሮባዮቲክ ሲል ይህን የመሰለ ነገር ማሰቡ ከኾነ፥ በእርግጥ በኛ ዘንድ ጥንትም ያለ ነው። ግን የግል አይደለም። የቅሉ ነው፥ የቤቱ ነው፥ የአማትና የምራት ነው። ከአንድ ቅል አያትም ይጠጣሉ፥ ጎረምሳውም ይጠጣል፥ ጡት የጣለውም ሕፃን ይጠጣል።

አሁን ወደ ሒሳችን እንግባ። ይህን ሙያ በሳይንስ ዐይን ያዩ ሊቃውንት በዚሁ በሐዋሳ ከተማ ሠርተዋል፤ ውለታቸውንም ሳንጠቅስ ማለፍ ነውር ነው። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በቀድሞው አዋሳ እርሻ ኮሌጅ ሳሉ በ1990 ስለ አይብ ጥራት፥ በ1994 ስለ ጤፍ እርሾ አሳትመዋል፤ ወተት የሚረጋበትን ዕቃ ማጠን ምን እንደሚያመጣም መርምረዋል። ከበደ አበጋዝና ጓደኞቻቸው በ2002 የቦርዴን አዘገጃጀት ከነጥሬ ዕቃው ጽፈዋል። እነዚህ ጽሑፎች ሴቶቹ የሚሠሩትን በቅድሚያ አይተው በኋላ ወደ ላቦራቶሪ የገቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ካነበብናቸው ብዙዎቹ ጥናቶች ግን ሌላ መንገድ ይዘዋል። ተመራማሪው ከገበያ ናሙና ይገዛል፤ በብልቃጥ ይዞ ይሄዳል፤ በሳሕን ላይ አብቅሎ አንድ ሁለት ባክቴሪያ ይለያል፤ እንደ ጨጓራ ባለ አሲድና በሐሞት ጨው ይፈትነዋል፤ የበሽታ ጀርሞችን መግታቱን ያያል፤ ከዚያም «የፕሮባዮቲክነት ተስፋ ያለው ነው» ብሎ ይደመድማል።

በዚህ አሠራር ሁለት ነገር ይጠፋል። መጀመሪያ ቅሉ ይጠፋል። ናሙናው ከማን ቤት እንደ መጣ፥ ዕቃው ቅል ይሁን ማሰሮ ወይም ጀሪካን፥ ስንት ዘመን እንዳገለገለ፥ በምን እንጨት እንደ ታጠነ በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም። የየቤቱን ልዩነት እናጠናለን እያልን የየቤቱን ልዩነት ከበሩ እንመልሰዋለን። ሁለተኛም ሰውየው ይጠፋል። አሲድና ሐሞት መቋቋም የሚያሳየው ባክቴሪያው ሳይሞት ሊያልፍ መቻሉን እንጂ ካለፈ በኋላ ለሰው የሚሠራውን አይደለም። «ተስፋ ያለው» የሚለው ቃል በ2001ዱ ትርጓሜ ውስጥ የለም። ተስፋው በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ ይታደሳል፤ ወደ ሰው የተሻገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ስንል የገንዘቡንና የመሣሪያውን እጥረት ዘንግተን አይደለም። ለሰንጠረዥ አንድ ዐምድ መጨመር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

በውጪው ዓለም ወደ ሰው የተሻገሩት ምርመራዎች ምን አሉ? በ2018 የእስራኤል ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ ዐሥራ አንድ ዐይነት ባክቴሪያ ያለበትን ፕሮባዮቲክ ለጤናማ ሰዎች ሰጥተው አንጀታቸውን ከውስጥ አዩ። በአንዳንዶቹ አንጀት እንግዳው ባክቴሪያ ተቀመጠ፤ በሌሎቹ ግን ነባሩ ማኅበር ገፍቶ አስወጣው። ለየሰው ይቀመም የሚሉት ሰዎች ከሁሉ የበለጠ የሚመኩበት ማስረጃ ይኸው ነው፤ በዚህም ልክ ናቸው። ነገር ግን የዚያው ሥራ ሁለተኛ ክፍል ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። አንቲባዮቲክ የወሰዱ 21 ሰዎችን በሦስት ከፈሉ፤ አንዱን ወገን እንዲሁ ተዉት፥ ለአንዱ ፕሮባዮቲኩን ሰጡት፥ ለሦስተኛው አስቀድሞ ከራሱ የተወሰደ ዐይነ ምድር ተጣርቶ ተመለሰለት። የራሱ የተመለሰለት ፈጥኖ ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ፕሮባዮቲክ የወሰደው እንዲሁ ከተተወውም ዘገየ። ስለዚህ «የግል» የሚለው ቃል በትክክል ከተተረጐመ ወደ እርጎ ሳይሆን ወደ ዐይነ ምድር ያመራል፤ ይህንንም በየቤቱ ለመሥራት የሚደፍር ሰው እንዳይኖር እንመኛለን። ደግሞም 21 ሰው ጥቂት ነው።

ከዚህ ጋራ የሚጋጭ የሚመስል ምርመራ በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ተደርጎ በ2017 ታትሟል። ከ4,500 ለሚበልጡ አራስ ሕፃናት ግማሾቹ ለሰባት ቀን ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለ ባክቴሪያ ከሚመገበው ስኳር ጋራ ሲሰጣቸው፥ በደም መመረዝና በሞት የተጠቁት ከመቶ 9 ወደ 5.4 ወረዱ። ይህ ለሁሉም አንድ ዐይነት የተሰጠ፥ በየግል ያልተቀመመ ነው። የባክቴሪያው ዝርያ ስም በኛም እርሾና ቦርዴ ጥናቶች ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ከዚህ ተነሥተው «እንግዲህ የኛም ያድናል» ሲሉ ሰምተናል። ስሕተት ነው፤ ሁለት ሰዎች አበበ ቢባሉ አንዱ በሠራው ሌላው ደመወዝ አይቀበልም። የባክቴሪያ ጠባይ የሚለካው በዝርያ ስም ሳይሆን በነጠላ ዘሩ ነው። በ2018 ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ሆስፒታል የመጡ ሕፃናትን (971 በአንዱ፥ 886 በሌላው) የያዙ ሁለት ምርመራዎች የታወቁ ፕሮባዮቲኮች ምንም ጥቅም እንዳላስገኙ ዘግበዋል። አንዱ ለመከላከል በሕንድ መንደር፥ ሌላው ለማከም በሰሜን አሜሪካ ሆስፒታል፤ ቦታውና ዓላማው ሲለወጥ ውጤቱም ተለወጠ።

ወደ መናኸሪያ እንመለስ። ነገሩ የክርክር ብቻ አለመኾኑን ያሳየችን አንዲት ወጣት እናት ናት። ልጇን ተቅማጥ ይዞት አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታ ሰጥታዋለች፤ ከዚያ «ሆዱን ይጠግንለት» ብላ ያልፈላ ወተት የረጋበትን እርጎ ትፈልግ ነበር። ምን እንበላት? በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ያልፈላ ወተት እንዳንቀምስ በጥብቅ እንከለከል ነበር፤ ለበዓል ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ እርጎው ከነክዳኑ ይጠብቀን ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት እንደ ነበራቸው አሁን ገብቶናል። ያልፈላ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያመጣ ይችላል። የእርጎው ኮምጣጤነት በበኩሉ ብዙ ጀርሞችን ይገታል፥ ነገር ግን አሲዱ እስኪበረታ ጊዜ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሩ ለክፉውም ለደጉም ክፍት ነው። ቅሉም ደጉን ባክቴሪያ ብቻ መርጦ አያወርስም። ስለዚህ ለዚያች እናት የተናገርነው በንጥረ ነገር የተዘጋጀውን ጨው፥ ማለት ኦ አር ኤስ፥ ከዚንክ ጋራ ከጤና ጣቢያ እንድትወስድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ሁለቱን በጋራ የመከሩት በ2004 ነው። እርጎውንም አልከለከልናትም፤ ከፈላ ወተት የተሠራ ከኾነ ምግብ ነውና ይብላ፥ መድኃኒት ግን አትበይው አልናት። ጥቂት ቅር ያላት መሰለን።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ምን ዐይነት ሥራ ቢሠራ ይሻላል የሚለው ነው። በዩጋንዳ የሚሠራ ዮባ የተባለ ድርጅት፥ የባለቤትነት መብቱ ያለፈበትን አንድ የታወቀ ባክቴሪያ በደረቅ እርሾ መልክ ለትናንሽ እርጎ አምራቾች ያድላል። እነርሱም ወተቱን አፍልተው፥ አቀዝቅዘው፥ እርሾውን ጨምረው ይሸጣሉ። ይህ የቤት ነው፥ የግል ግን አይደለም፤ ማንነቱም የታወቀ ነው። ለመናኸሪያ ወተት ቤቶች ይህ መንገድ ለየሰው ከሚቀመመው ሕልም ይልቅ የቀረበ ነው ብለን እናምናለን። የሚያስፈራን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ እርሾ በሁሉ ቦታ ሲነግሥ የየቅሉ ማኅበር ሳይመዘገብ ይጠፋል። የጤፍንም ነገር አንረሳም፤ በኔዘርላንድ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው ፓተንት እስኪሻር እስከ 2018 ተጠብቋል። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት በ2006 የወጣው አዋጅ ቊጥር 482 አለን፤ ነገር ግን ከማን ቅል እንደ ተወሰደ ያልተጻፈን ባክቴሪያ «የዚህ ማኅበረሰብ ነው» ብሎ ማስመስከር ከባድ ነው። ሠንጠረዡ ላይ የጎደለው ዐምድ ለሳይንስ ብቻ ሳይሆን ለመብትም የጎደለ ነው።

ያነጋገርናቸውን እናት በሌላ ጊዜ ስናገኛቸው ወተቱን በቢጫ ጀሪካን ይዘው ነበር። ቅሉ በመንገድ ተሰንጥቆባቸዋል፤ የመኪናው ረዳትም ከዚያ ወዲህ ቅል አልጭንም ብሏቸዋል። ጀሪካን አይታጠንም፤ በሳሙና ይታጠባል። እርጎው አሁን እንዴት እንደ ኾነ ስንጠይቃቸው፥ ከጎረቤታቸው እየተበደሩ አንድ ስኒ እንደሚጨምሩበት ነገሩን። ያ ለዘብ ያለው የአማታቸው እርጎ ምን ምን ባክቴሪያ እንደ ነበረው የሚያውቅ ማንም የለም። እኛም ራሳችን ቅሉ ሳይሰነጠቅ በፊት ደርሰንበት ሳለ ከእርጎው አንድ ብልቃጥ አልያዝንም። በሚቀጥለው የዕረፍት ወራት ከአራት ጓደኞቻችን ጋራ ወደ መናኸሪያ ወተት ከሚያመጡት መንደሮች ወጥተን የዕቃውን ዐይነት፥ ዕድሜ፥ የሚታጠንበትን እንጨትና ከማን እንደ ተወረሰ ለመመዝገብ አስበናል፤ ናሙና የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል ቢኖር ከወዲሁ ቢያስታውቀን እናመሰግናለን።