ዝምታን ማቀድ፦ የጽሑፍ የሚና ጨዋታ አጀማመር ከጉለሌ ሲታይ

በጽሑፍ ልውውጥ የሚካሄድ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪኩን በተራ የሚጽፍበት የሚና ጨዋታ ሊጀምር ያሰበ አጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ዓለሙን በመፍጠር ነው፤ ካርታ ይሥላል፣ የነገሥታት ሐረግ ይቆጥራል፣ ሕግ ይደነግጋል። ጨዋታው ግን የሚሞተው በዝምታ ነው። አንዱ ተራው ደርሶ ሳይጽፍ ይቀራል፣ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሁሉም ይበተናል። ስለዚህ ከካርታው በፊት መታቀድ ያለበት፣ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የቀደሙት አጫዋቾች ይህን ያውቁ ነበር። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ከመታተሙ ከ11 ዓመት በፊት ጆን ቦርድማን የሚባል ሰው «ዲፕሎማሲ» የተባለውን የጦርነት የሰሌዳ ጨዋታ በፖስታ ያጫውት ነበር። በዚያ ጨዋታ ትእዛዝ ያልተሰጠው ጦር ባለበት ይቆማል፤ ጨዋታው ግን ይቀጥላል።

የታሪክ ምሁሩ ዮሐን ሆይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ ጨዋታን ከዕለት ኑሮ በቦታና በጊዜ የተከለለ አድርጎ ያየዋል። በቴሌግራም የሚካሄድ ጨዋታ ግን ክልል የለውም። ተጫዋቹ ለአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሰልፎ ይጽፋል፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ዳታው ሲያልቅ ያቆማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት እንደቆየም እናስታውሳለን። እዚህ መጥፋት የሁሉም ዕጣ ነው። ስለሆነም መጥፋቱ ራሱ በታሪኩ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል።

ለዚህ የሚሆን ልምድ ደግሞ በእጃችን አለ። የእንቆቅልሹን መልስ የማያውቅ ሰው አፉን ዘግቶ አይቀመጥም፤ አገር ይሰጣል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ተቀብሎ እንደ ባላገሩ ይኩራራል፣ መልሱንም ይናገራል። መልስ ማጣት ለሌላው መናገሪያ ይሆናል ማለት ነው። እቃቃ የሚጫወቱ ሕፃናትም እናቷ የጠራቻትን ልጅ «ገበያ ሄዳለች» ብለው ይቀጥላሉ፤ ስትመለስ ቦታዋ ይጠብቃታል።

ይህን በምሳሌ ለማየት አንድ ጨዋታ እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ እንትከል። የጋሞ ሸማኔዎች ሥራ የታወቀበት ሰፈር ስለሆነ ረጅም መግቢያ አያሻውም፤ ሸማኔ፣ ፈታይ፣ ነጋዴና ደንበኛ ይበቃሉ። «ጠዋት ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ የሚጀምር አጫዋች የአራቱንም አፍ ይዘጋል። ይልቅ እንዲህ ይጻፍ፦ «የጥምቀት ቀሚስ ጥለቱ አልደረሰም። ባለቤቷ በር ላይ ቆማለች። ማጉ አልቋል።» አሁን ሸማኔው ሰበብ መፈለግ፣ ፈታይዋ ዋጋ መቁረጥ፣ ነጋዴው ማግባባት፣ ደንበኛዋ መቆጣት አለባቸው። እያንዳንዱ የሚመልሰው አለው።

ከዚህ ጋር በመጀመሪያው ቀን የሚቆረጥ ስምምነት ያስፈልጋል። ለተራ ሁለት ቀን ይሰጥ። ሁለት ቀን ካለፈ ሸማኔው ማግ ፍለጋ ወጣ ይባል፤ ቀጣዩም ስለ መውጣቱ የፈለገውን ያውራ፣ ልክ አገር እንደተሰጠው ጠያቂ። ጠፊው ሲመለስ ይቅርታ አይጠይቅም፤ የት እንደነበረ በገጸ ባሕርዩ አንደበት ይተርካል። ይህ ግን ወሰን ይፈልጋል፤ ባለቤቱ በሌለበት ገጸ ባሕርይ አይገደል፣ አይዳር፣ ዕዳ አይግባ። በዚህ አስቀድሞ ያልተስማማ ቡድን የመጀመሪያውን መልእክት ባይልክ ይሻላል።