ቡጢ፣ ድንጋጤና አንጎል

ቡጢ በሰውነት ላይ ስለሚፈጥረው ድንጋጤ የሚያጠና የሕክምና ተማሪ ዋልተር ካነንን ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል። ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፉ ሕመም፣ ረሃብ፣ ፍርሃትና ቁጣ በሰውነት ላይ የሚያስከትሉትን ለውጥ ሲያብራራ ሁለት አነስተኛ ምርመራዎችን አቅርቧል። ከከባድ ፈተና በኋላ ከዘጠኝ የሕክምና ተማሪዎች በአራቱ ሽንት ውስጥ ስኳር ተገኘ፤ ከቀላል ፈተና በኋላ ግን በአንዱ ብቻ። ከአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ በኋላ ከተመረመሩት 25 የሃርቫርድ ተጫዋቾችም በ12ቱ ታየ፤ ከእነዚህ አምስቱ ሜዳ ያልገቡ ተጠባባቂዎች ነበሩ።

የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ምርመራው ርካሽ፣ ተመርማሪዎቹም ጥቂት ሆነው ሳለ ሰውነት ለመደንገጥ ምት እንደማይጠብቅ ያሳያሉ። ይህን ስልት እንዳለ ወደ ቡጢ ማሸጋገር ግን ያሳስታል። የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ለክቶ ሁሉም ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ያየ ተማሪ፣ ቡጢኛው ድኗል ብሎ ጥናቱን ሊዘጋ ይችላል። አንጎል በዚህ መለኪያ አይታይም።

የጎደለውን የሚሞላው የሃሪሰን ማርትላንድ ጽሑፍ ነው። ማርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1928 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የቡጢኞችን መንገዳገድ፣ የንግግር መጎተትና የአእምሮ መድከም ገለጸ። ማስረጃው ደካማ ነበር። የ23 ቡጢኞችን ስም ያገኘው ከአንድ የግጥሚያ አዘጋጅ ሲሆን፣ የሞተ ቡጢኛ አንጎልም አልመረመረም። ይሁንና ክፉኛ ከሚጎዱት መካከል ለሌሎች መለማመጃ ሆነው በየቀኑ የሚደበደቡ ተራ ቡጢኞች እንዳሉ አስተውሏል፤ ከጽሑፉ ሁሉ የሚልቀውም ይህ ነው። የአንጎሉን ጉዳት ኮርሴሊስና ባልደረቦቹ የ15 የቀድሞ ቡጢኞችን አንጎል መርምረው እ.ኤ.አ. በ1973 አሳዩ።

በአማርኛ ጽሑፎች «ድንጋጤ» እና «ሾክ» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ሦስተኛ ስሕተት ይፈጠራል። ካነን ራሱ ሁለቱን ለየብቻ ነበር የያዛቸው፤ ስለ ቁስለኞች ሾክ እ.ኤ.አ. በ1923 ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። እምድብር ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚገባው ሰው ቡጢኛ ላይሆን ይችላል፤ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወይም በዱላ የተመታ ይሆናል። አዋቂ ከሆነና የደም ግፊቱ ወርዶ ልቡ በፍጥነት ከመታ፣ የጭንቅላቱ ምት ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይበቃም፤ ወደ አጣጥ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት ደረቱ፣ ሆዱ፣ ዳሌውና ጭኑ ለደም መፍሰስ ሊፈተሹ ይገባል።