የሚሲዮን ቤት ባልትና

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሜሪ ሞፋት ቤት ወለል በእበት ይለቀለቅ ነበር። ሜሪ እንግሊዛዊት ናት፤ ያደገችው ወለል በውሃና በብሩሽ ተፈትጎ በሚጸዳበት አገር ነው። በ1820ዎቹ ከደቡብ አፍሪካ ለቤተሰቧ በጻፈችው ደብዳቤ ነገሩን ሳትደብቅ አጫውታቸዋለች። ልቅለቃውን መጀመሪያ ስታይ መቼም እንደማትለምደው ነበር ያሰበችው። ውሎ አድሮ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ መታገሥ አቃታት። እበቱ በውሃ ይበጠበጣል፣ በተቻለ መጠን ሳስቶ ይለቀለቃል፣ አቧራውን ያስቀምጣል፣ ቁንጫውን ይገድላል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እበት ለቅልቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ጸሐፊዋ ሥራውን በቅርብ እንደምታውቀው ይገባዋል። ከሩቅ ያየ ስለ ሽታው ይጽፋል፤ ከሥራው ጋር የኖረ ግን ስለ ውፍረቱ ያስባል። የወፈረ ልቅለቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ እየተላጠ ይነሳል፣ መልሶ ራሱ አቧራ ይሆናል።

ባሏ ሮበርት ሞፋት ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ነበር። የለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር በ1816 ወደ ደቡብ አፍሪካ ላከው። እጮኛው ሜሪ ስሚዝ ወላጆቿ እምቢ ብለው ካቆዩአት በኋላ በ1819 ተከተለችው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኬፕታውን ላይ ተጋቡ። ከዚያ በበሬ ሠረገላ ወደ ሰሜን ተጉዘው ከኬፕታውን ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው የባትላፒንግ አገር ሰፈሩ። ባትላፒንግ ከትስዋና ሕዝቦች አንዱ ነው። ሥፍራው ኩሩማን ይባላል። ባልና ሚስቱ እስከ 1870 ድረስ መኖሪያቸው እዚያው ሆነ። ሜሪ አሥር ልጆች ወለደች፤ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱባት።

የሚሲዮን ታሪክ ሲጻፍ ስብከቱ፣ ትርጉሙና ጉዞው ይቀድማል፤ የቤቱ ሥራ አንድ አንቀጽ ካገኘም ትልቅ ነገር ነው። ሱቅ በሌለበት አገር ግን ዳቦው፣ ሳሙናው፣ ሻማው፣ ልብሱና ውሃው ካልተሰናዱ ስብከትም ትርጉምም አይኖርም። ይህ ባልትና ከትውልድ አገር ታሽጎ የሚመጣ አይደለም፤ ከአዲሱ አገር አፈርና ሰው ይለመዳል። ደግሞም በአንድ ቦታ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው። እርሾው፣ ቦዩና የሳሙናው ድስት ባለቤታቸው አጠገባቸው እንድትቆይ ይፈልጋሉ።

ከውጭ እቃ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አንድ ነገር ያሳያል። ኩሩማን ላይ ገና አንድም አማኝ ባልነበረበት ጊዜ፣ እንግሊዝ አገር ያለች ወዳጇ ምን እንላክላችሁ ብላ ሜሪን ጠየቀቻት። የሜሪ መልስ የቅዱስ ቁርባን ዕቃ ላኪልን የሚል ሆነ። ዕቃው ዓመታት ፈጅቶ ደረሰ፤ የደረሰውም የመጀመሪያዎቹ ተጠማቂዎች በሚቆርቡበት ቀን ዋዜማ ነበር። ለቁርባን ዕቃ እንዲህ መጠበቅ ይቻላል። ለሳሙና ግን አይቻልም።

መጀመሪያ ውሃ። ኩሩማን "ዐይን" የሚባል ምንጭ አለው፤ በቀን 20 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ያፈልቃል፣ በድርቅ ጊዜም አይነጥፍም። ሞፋትና አናጢው ባልደረባው ሮበርት ሃሚልተን ወደ አትክልት ቦታቸው ውሃ ለመጥለፍ ቦይ ቆፈሩ። የአገሩ ሴቶች ግን ቦዩን እየሰበሩ ውሃውን ወደ ራሳቸው ማሳ ይመልሱት ነበር። ሚሲዮናውያኑ በቀትር ፀሐይ አካፋ ተሸክመው የተሰበረውን ሲጠግኑ ይውላሉ፤ ዘወር ሲሉ እንደገና ይሰበራል። በትስዋናዎች ዘንድ እርሻ የሴቶች ሥራ ስለነበር ጠቡ ከቤት እመቤት ጋር ነበር ማለት ይቻላል። የሚሲዮኑ ጎመን እየደረቀ፣ የእነሱም ማሽላ እየተጠማ፣ ሁለቱም ወገን አንዱን ውሃ ሲጎትት ኖረ። አትክልተኛው ሞፋት የኋላ ኋላ ስንዴና ፍራፍሬ አብቅሎ ቦታው አረንጓዴ ሆነ።

ቀጥሎ መብራት። ሻማ የሚሠራው ከሞራ ነበር። ሞራው ይቀልጣል፣ ይጠለላል፣ መሐሉ ፈትል በተወጠረበት የቆርቆሮ ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፣ እስኪረጋ ይቆያል። ትስዋናዎች ሞራን ገላቸውን ይቀቡት ነበር፤ ይህን የመሰለ ነገር በእሳት ማቃጠል በዓይናቸው ብክነት ነበር። ከ1829 ጀምሮ ሰዎች መጠመቅና ማንበብ ሲጀምሩ ነገሩ ተገለበጠ። የሻማ ቅርጽና ለፈትል የሚሆን ብጣሽ ጨርቅ ፈላጊው በዛ። ሞራ ተጠንቅቆ የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ፤ በየጎጆው ግድግዳ ላይ ሻማ በእስር በእስሩ ተንጠልጥሎ ይታይ ጀመር። በዚያው ሰሞን ሜሪ የስፌት ትምህርት ከፈተች። ቆዳ ሰፍቶ ካባ ማውጣት በአገሩ የወንዶች ሙያ ነበር፤ መርፌና ክር ይዘው ጨርቅ ሊሰፉ የተቀመጡት ግን ሴቶቹ ናቸው።

ሦስተኛው ትልቅ ሥራ ማተሚያው ነው፤ እሱም ቢሆን ከቤቱ ሥራ ብዙም አልራቀም። ሞፋት የሉቃስን ወንጌል ወደ ሴትስዋና ተርጉሞ በ1830 ኬፕታውን ሲወርድ፣ የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት የሚመድብለት ሠራተኛ አልነበረውም። ስለዚህ ከባልደረባው ከሮጀርስ ኤድዋርድስ ጋር ፊደል ለቀማውን ተምረው ራሳቸው አተሙት። በ1831 አንድ የብረት የእጅ ማተሚያ በሠረገላ ጭነው ወደ ኩሩማን ተመለሱ። የእርሳስ ፊደል ለቅሞ የሠራ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። ፊደሉ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፤ መስመሩ ሳይላላ በስስ እርሳስ መወጠር አለበት፤ ወረቀቱ ቀለም እንዲቀበል ቀደም ብሎ በልኩ ይረጥባል። ኩሩማን ባለበት በካላሃሪ በረሃ ጫፍ እርጥብ ወረቀት ቶሎ ይደርቃል፣ አቧራውም በቀለሙ ላይ ይቀመጣል።

ማተሚያው ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ገጾች ያየ ሰው ወረቀቱን ይዞ በሰፈሩ ዞረ። ሞፋትና ኤድዋርድስ በዓይን ቅጽበት፣ በአንድ ክብ ጥቁር መዶሻና በክንድ ነቅነቅታ እንደሠሩት ለሁሉም አስረዳ። መዶሻ ያለው ቀለም መቀቢያውን የቆዳ ኳስ ነው። ምስክርነቱ ከሙያ አንጻር ትክክል ነው፤ አጉል ጌጥ የለበትም።

ሞፋት ቋንቋውን ጠንቅቆ ያወቀው ግን ከቤቱ ወጥቶ ነው። በ1827 ገደማ ቤተሰቡን ትቶ ባሮሎንግ ከሚባሉት ትስዋናዎች ጋር ከሁለት ወር በላይ ኖረ። በነዚያ ወራት ኩሩማንን የያዙት ሜሪና አሮጌው ሃሚልተን ናቸው። አዲስ ኪዳኑ በ1840 ለንደን ታተመ፤ ብሉይ ኪዳኑ ደግሞ በ1857 እዚያው ኩሩማን ላይ፣ ከ1843 ጀምሮ ማተሚያውን በያዘው በዊልያም አሽተን እርዳታ ተጠናቀቀ። ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀ ሥራ በቦታው እንዲቆይ ያደረገው ቤቱ አለመናወጡ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የታየው በትልቋ ልጃቸው ቤት ነው። እሷም ሜሪ ትባላለች፤ በ1821 እዚያው አፍሪካ ተወለደች፣ ሴትስዋናን እንደ አፍ መፍቻ ተናገረች፣ ባልትናውን ከእናቷ ተማረች። በ1845 ሚሲዮናዊውን ዴቪድ ሊቪንግስተንን አገባች። ከ1847 ጀምሮ ባክዌና በሚባሉት ትስዋናዎች ንጉሥ በሴቼሌ አገር፣ ከኩሩማን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው ኮሎቤንግ ኖሩ። ቤቱን ሊቪንግስተን በእጁ ሠራው፤ በእጁ ያቆመው ሦስተኛ ቤቱ ነበር። አንጥረኝነቱን ያሻሻለውም በአማቱ ምክር ነው።

የኮሎቤንግን ውሎ ሊቪንግስተን በ1857 ባሳተመው መጽሐፉ ዘርዝሮታል። በጠዋት ይነሳሉ። ጸሎትና ቁርስ ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል፤ ከዚያ ወንዱም ሴቱም ልጁም የሚመጣበት ትምህርት ቤት እስከ አምስት ሰዓት ይቀጥላል። ከዚያ ሚስት ወደ ቤት ሥራዋ፣ ባል ወደ አንጥረኛነቱ፣ ወደ አናጢነቱ ወይም ወደ አትክልቱ ይሄዳሉ። ከምሳና ከአጭር ዕረፍት በኋላ ሜሪ ሕፃናቱን ታስተምራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ መቶ ይደርሳሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ልጃገረዶቹን ስፌት ታስተምራለች። ባል ከደጅ ሁሉን ሠሪ፣ ሚስት ከቤት ሁሉን ሠሪ መሆን አለባቸው ይላል ሊቪንግስተን። ከቀኑ ግማሹን አስተማሪ የነበረችው ሜሪ ግን "ከቤት" በሚለው ክፍል ብቻ አትወሰንም ነበር።

ዳቦው የሚጋገረው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ትልቅ የምስጥ ኩይሳ ተቦርቡሮ ምድጃ ይሆናል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋዋል። ሌላው መሬት ላይ እሳት ነድዶ ቦታው ሲግል ሊጡ እዚያ ይደረጋል፣ ድስት ይደፋበታል፣ ዙሪያው በአመድ ይከበባል፣ ድስቱ ላይም ትንሽ እሳት ይነድበታል። ከታችም ከላይም እሳት፣ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ። ሊጡ ከባለፈው ጋገራ በቀረ እርሾ ይቦካል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ሊቪንግስተን ዳቦውን ያመሰግነዋል። ያልጻፈው ነገር ለጋጋሪ ግልጽ ነው፤ እርሾ ከጋገራ ወደ ጋገራ እንዲሻገር አንድ ሰው ሳያቋርጥ መጋገር አለበት።

የሳሙናው ትዕግሥት ይብሳል። አመዱ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ የሚወጣው ውሃ ተጠልሎ ከስብ ጋር ይፈላል። ምርጡ አመድ ከአንድ ጨዋማ ቁጥቋጦ የሚገኘው ነው። የተራ እንጨት አመድ ግን ኃይሉ ደካማ ስለሆነ፣ ስቡ ሳሙና እስኪሆን አዲስ የአመድ ውሃ እየተጨመረ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ሳምንት መፍላት ነበረበት። ስድስት ሳምንት ሙሉ እንጨት የሚያቀርብ፣ ድስቱን የሚጠብቅ፣ የሚያማስል ሰው ያስፈልጋል። ለልብስና ለገላ ብቻ ሳይሆን ለአራስና ለቁስለኛም የሚበቃው ሳሙና ከዚያ ድስት ነበር የሚወጣው።

ኮሎቤንግ ግን እንደ ኩሩማን ያለ "ዐይን" አልነበረውም። የመጀመሪያውን ዓመት በወንዙ ቦይ ተጠቅመው ጥሩ አመረቱ፤ ከዚያ ዝናቡ እምቢ አለ። እህል ከኩሩማን ይመጣላቸው ነበር። የሊቪንግስተን ልጆች አንበጣ ይበላሉ፣ አባጨጓሬውንም ይወዱታል። ማትላሜትሎ የሚባለው ትልቅ እንቁራሪት ሲገኝ ደግሞ ሥጋው እንደ ዶሮ ነው ይባል ነበር። እዚህም መምህሮቹ ባክዌናዎች ናቸው፤ የድርቅ ምግብ ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ሊቪንግስተን በ1849 ወደ ንጋሚ ሐይቅ ተጓዘ። በ1850 ነፍሰ ጡሯን ሜሪንና ሦስት ልጆቻቸውን በሠረገላ ጭኖ ወደ ሐይቁ ተመለሰ፤ ልጆቹ በወባ ታመሙ። ኮሎቤንግ ሲመለሱ የተወለደችው ሕፃን ኤልሳቤጥ በጥቂት ሳምንት ሞተች። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ሊወጡ መሆኑን የሰሙት አማቱ ሜሪ ሞፋት፣ ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃናትን ከወንድ ጓዶች ጋር በበረሃ ማንከራተት ምን ይባላል ሲሉ ቁጣ የተሞላ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤው አልመለሰውም። ሕፃኑ ዊልያም ኦስዌል በ1851 ዙጋ ወንዝ ዳር ተወለደ።

በኤፕሪል 1852 ሜሪ አራት ልጆቿን ይዛ ከኬፕታውን ወደ ብሪታንያ ተሳፈረች። በዚያው ዓመት ቦየሮች የሚባሉት የደች ዝርያ ሰፋሪዎች ሴቼሌን ሲወጉ የኮሎቤንግ ቤት ተዘረፈ፤ መጽሐፍቱ ተቀደዱ፣ የመድኃኒቱ ጠርሙሶች ተሰበሩ። ብሪታንያ ለሜሪ አገሯ አልነበረም። በባሏ ወላጆች ቤት መቆየት አልሆነላትም፤ ከቦታ ቦታ፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት ተዘዋወረች፣ ገንዘብ ሲያጥራት ለሚሲዮን ማኅበሩ ጻፈች። ከአመድ ሳሙና የምታወጣ፣ ከኩይሳ ዳቦ የምታወጣ፣ መቶ ሕፃን በሴትስዋና የምታስተምር ባለሙያ፣ ሳሙናም ዳቦም በሳንቲም በሚሸጥበት ከተማ ሳንቲሙ አልነበራትም። ባሏ የተመለሰው በ1856 መጨረሻ ነው። እንደገና ወደ አፍሪካ ከሄደ በኋላ እሷም በ1862 ዛምቤዚ ወንዝ ላይ ልትቀላቀለው ሄዳ ብዙም ሳትቆይ ሹፓንጋ ላይ በወባ ሞተች፤ ዕድሜዋ 41 ነበር።

እናቲቱ ከኩሩማን የወጡት በ1870 ነው፤ እንግሊዝ አገር በገቡ በወራት ውስጥ በ1871 መጀመሪያ አረፉ። ባልትናው ግን በሌላ ልጃቸው እጅ ቀጠለ። ኤልሳቤጥ፣ ወይም ቤሲ፣ በ1839 ኬፕታውን ወደብ በመርከብ ላይ ነው የተወለደችው፤ የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ጄምስ በዚያው ሰሞን በኩፍኝ ሞተ። በ1861 ሚሲዮናዊውን ሮጀር ፕራይስን አገባች፣ ኋላም ሞሌፖሎሌ በሚገኘው በራሱ በሴቼሌ ከተማ ቤት ያዘች። እህቷ ትታው የሄደችውን ሥራ በዚያው ሕዝብ መካከል ተቀምጣ ሠራችው። ከ1854 እስከ 1883 ስለ ልጆቿ፣ ስለ ቤቷና ስለ ሴቼሌ ቤተሰብ ማስታወሻ ስትጽፍ ኖረች። የእህቷ ባል መጽሐፍ በ1857 ወጥቶ ብሪታንያን ሁሉ አነጋገረ፤ የቤሲ ማስታወሻ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1956 ነው።